ቆሞም የሚተነፍስ መኪና፦ የቤንዚን ትነት ወዴት ይሄዳል?

ማደያ በሌለበት የገጠር ከተማ ያለፈ ሰው ይሄን አይቷል። መንገድ ዳር፣ አሮጌ ጠረጴዛ ላይ፣ ቤንዚን በሃይላንድ ተሞልቶ ይደረደራል። ጠዋት ላስቲኩ ለስላሳ ነው፤ በጣት ስትጫኑት ይሰረጉዳል። ቀትር ላይ ግን ተወጥሮ እንደ ኳስ ይጠጥራል። ክዳኑን ፈታ ስታደርጉት ጵስስ ይልና ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ማንም ምንም አልጨመረበትም። ፀሐይ ብቻ ነው ያገኘው።

የመኪናችሁ የነዳጅ ታንከር፣ የድሮ መካኒኮች ሰልባትዮ የሚሉት፣ ከዚያ ሃይላንድ በመጠን እንጂ በጠባይ አይለይም። 40 ወይም 50 ሊትር ቤንዚን ይዞ ፀሐይ ላይ ይውላል። ከላይ ቆርቆሮው ይግላል፣ ከታች አስፋልቱ ይፋጃል። ታዲያ ለምን አይወጠርም? ለምንስ መኪና የቆመበት ግቢ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን አይሸትም? መልሱ ያለው አብዛኛው ሹፌር አንድም ቀን አይቷት የማያውቅ፣ የጫማ ካርቶን የምታህል ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነው።

እኔም አላውቃትም ነበር። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፣ ሥራዬም ሰው ማመላለስ። እዚህ መኪና በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ያልፋል፤ ካላለፈ ምዝገባውን ማደስ አይቻልም። ምርመራው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ብርቱካናማ የሞተር ምልክት፣ ቼክ ኢንጂን የምንላት፣ በራች። መኪናው ግን ምንም አልሆነም። አይንተፋተፍም፣ አይጨስም፣ ጉልበቱም ያው ነው። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ስካነር ሰኩና «ካኒስተሩ ነው፣ ይቀየራል» ብለው፣ ያቺን ጥቁር ሳጥን ማለታቸው ነው፣ 740 ዶላር ጠየቁኝ። አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ጋሼ ለምንላቸው ሹፌር ነገርኳቸው። ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት አዲስ አበባ ሃያ ዓመት መካኒክ ነበሩ። «ኮዱ ስንት ነው አሉህ?» አሉኝ። ፒ 0456 አልኳቸው። «እሱ በጣም ትንሽ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ና እስቲ፣ መጀመሪያ የነዳጅ ክዳንህን ፍታ።» ፈታሁት። ገለበጡትና ዙሪያውን ያለውን ጥቁር ጎሚኒ በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች። ሲገፉት ትከፈታለች፣ ሲለቁት ትገጥማለች። «ልጄ፣ ካኒስተር ከመግዛትህ በፊት ይቺን ቀይር» አሉኝ። ክዳኑን በ18 ዶላር ገዛሁ።

ያን ቀን ቆመን ያስረዱኝንና ከዚያ ወዲህ ራሴ ያጠናሁትን ነው የምጽፍላችሁ። ምክንያቱም ይሄ ነገር ብዙ ወገኖቻችንን በሁለት በኩል ይጎዳል። እዚህ ያለው ያለአግባብ ገንዘብ ይከፍላል፤ አገር ቤት ያለው ደግሞ «ትርፍ ዕቃ ነው» እየተባለ ያስነቅለዋል።

ከመሠረቱ እንነሳ። ቤንዚን አንድ ዓይነት ፈሳሽ አይደለም። ከባድም ቀላልም የሆኑ የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ቀላሎቹ፣ እንደ ቡቴንና ፔንቴን ያሉት፣ እሳት እስኪነካቸው አይጠብቁም። በተራ የአየር ሙቀት ይተናሉ። ሞተር በብርድ ጠዋት ቶሎ የሚነሳው በነሱ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ከነዳጁ ጨርሶ ይውጡ ማለት አይቻልም። ናፍጣ ግን ከባድ ስለሆነ በቀላሉ አይተንም። ለዚህ ነው የናፍጣ መኪና ላይ ይሄን ሳጥን የማታገኙት።

ከመኪና የሚወጣ ብክለት ሲባል ሁላችንም የምናስበው ማርሚታውን ነው። ጭሱ ስለሚታይ ይሆናል። ነገር ግን ምንም መቆጣጠሪያ ባልነበረበት ዘመን፣ ከአንድ የቤንዚን መኪና ከሚወጣው ሃይድሮካርቦን ውስጥ በግምት 60 በመቶው በማርሚታ፣ 20 በመቶው በሞተሩ የዘይት ክፍል መተንፈሻ፣ የቀረው 20 በመቶ ደግሞ ከነዳጅ ታንከሩና ከካርቡራተሩ እየተነነ ነበር የሚወጣው። ከአምስት አንዱ እጅ ሳይነድ፣ ማንንም አንድ ሜትር እንኳ ሳያንቀሳቅስ፣ እንዲሁ ወደ አየር ይሄድ ነበር። ቆሞ ያደረ መኪናም እኩል ተሳታፊ ነው።

ለምን ያሳስባል? ታሪኩ ሎስ አንጀለስ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1943 በጋቸው ላይ፣ ሐምሌ ውስጥ ማለት ነው፣ ከተማዋን ዓይን የሚለበልብ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ጉም ሸፈናት። ጦርነት ላይ ስለነበሩ ጠላት በመርዝ ጋዝ መታን ብሎ የፈራ ሰው ነበር። ጉሙ ግን በየዓመቱ ይመለስ ጀመር። ምንጩን ያገኘው ካልቴክ በሚባል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አሪ ሃገን-ስሚት የሚባል የኔዘርላንድ ተወላጅ ኬሚስት ነው። ሰውየው በዚያን ጊዜ የአናናስ ሽታ ከምን እንደተሠራ የሚያጠና ሰው ነበር። ያንኑ የሽታ ማጥኛ መሣሪያውን ወደ ከተማው አየር አዞረ። የደረሰበትም ይሄ ነው፦ ያልነደደ የቤንዚን ትነት ከሞተር ከሚወጣ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ኦዞን ይፈጠራል። ኦዞን ሰማይ ላይ ሲሆን ከፀሐይ ጨረር ይጋርደናል። ምድር ላይ፣ የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሲገባ ግን ሳንባ ያቃጥላል። ጎማም ይሰነጥቃል። እንዲያውም ሃገን-ስሚት የኦዞኑን መጠን ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ የታጠፈ የጎማ ቁራጭ አየር ላይ አስቀምጦ በስንት ደቂቃ እንደሚሰነጠቅ ማየት ነበር። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ሲገፉት የተከፈተውን ጎሚኒ ሳስብ ይሄ ታሪክ ይመጣብኛል።

ካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል ጀምሮ፣ መላው አሜሪካ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ፣ አዲስ መኪና የነዳጅ ትነቱን እንዲይዝ በሕግ ታዘዘ። አምራቾቹም መላ አመጡ። መላው ከሰል ነው።

አዎ፣ ከሰል። ቡና ከምናፈላበት ከሰል ጋር ዘመዳሞች ናቸው፣ አሠራሩ ግን ይለያል። ከኮኮናት ቅርፊት፣ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ከሰል ይሠራና በከፍተኛ ሙቀት በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ይታከማል። ያን ጊዜ ውስጡ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ይበሳሳል። አንድ ግራም እንዲህ ያለ ከሰል፣ የውስጡ ግድግዳ ሁሉ ቢዘረጋ፣ ከ1 ሺህ ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። በጣት ጫፍ ቆንጠር የምታደርጉት ዱቄት ውስጥ ሰፊ የመኖሪያ ግቢ ታጥፎ ተቀምጧል ማለት ነው።

ይህ ከሰል ቤንዚኑን የሚይዘው ስፖንጅ ውኃ እንደሚመጥጠው አይደለም። ዕጣን ነጠላ ላይ እንደሚያድረው ነው። ቡና ተጠጥቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ነጠላችሁ ያን ሽታ ይዞ ይውላል። ነጠላው አልረጠበም፣ አልከበደም። ሽታው ክሩ ላይ ተለጥፎ ነው። በማግስቱ ገመድ ላይ አውጥታችሁ ንፋስ ሲመታው ሽታው ይለቃል። በቃ፣ ሙሉው ሥርዓት ይሄው ነው። ታንከሩ ሲሞቅ ትነቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ሳጥኗ ይሄዳል፣ ከሰሉ ላይ ይለጠፋል። ሞተር ሲነሳ ንጹህ አየር በከሰሉ መሃል ይነፍስበትና የተለጠፈውን አራግፎ ወደ ሞተሩ ይወስደዋል። ሞተሩም ያቃጥለዋል። ቤንዚኑ አልጠፋም፣ ከተማውንም አልበከለም፤ እናንተንም ጥቂት ሜትር ወደፊት ወሰዳችሁ።

ሳጥኗ ካኒስተር ትባላለች። ሦስት ቀዳዳ አላት። አንዱ ከታንከሩ ትነት የሚገባበት ነው። ሁለተኛው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ነው፤ መንገዱ ላይ ፐርጅ ቫልቭ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለ። ሦስተኛው ከውጭ ንጹህ አየር የሚገባበት ነው፤ በብዙ መኪኖች ላይ እሱም የራሱ በር አለው፣ ቬንት ቫልቭ ይባላል። በድሮ መኪኖች ካኒስተሯን ኮፈኑን ስትከፍቱ ጥግ ላይ ታገኟታላችሁ። በአዳዲሶቹ ከኋላ፣ ከታንከሩ አጠገብ፣ ከወለሉ ሥር ናት። ታንከሩ አናት ላይ ደግሞ መኪናው ቢገለበጥ ፈሳሽ ቤንዚን ወደ ከሰሉ እንዳይፈስ የሚዘጋ ሌላ ትንሽ ቫልቭ አለ።

አሁን ወደሚያምረው ክፍል እንምጣ።

ፐርጅ ቫልቩ መቼ ይከፈት? ይሄን የሚወስነው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፣ ውሳኔውም ቀላል አይደለም። ሞተር በደንብ የሚነድለት አንድ ኪሎ ቤንዚን ከ14.7 ኪሎ አየር ጋር ሲደባለቅ ነው። ኮምፒውተሩ ያን መጠን ጠብቆ በኢንጀክተር ነዳጅ ይረጫል። አሁን ከካኒስተሩ ስንት እንደሆነ ያልታወቀ ተጨማሪ ትነት ቢመጣስ? ሌሊቱን በርዶ ያደረ መኪና ካኒስተሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ሲጠበስ የዋለው ደግሞ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኮምፒውተሩ አስቀድሞ አያውቅም። ስለዚህ ሞተሩ እስኪሞቅ ይታገሳል። ከዚያ ቫልቩን በጥቂቱ፣ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ እያደረገ ይቀምሰዋል። የሞተሩ የአየር ማስገቢያ ሲስብ ትነቱ ይመጣል። ጭስ መውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ወዲያው «ነዳጅ በዛ» የሚል ምልክት ይልካል። ኮምፒውተሩም ኢንጀክተሩ የሚረጨውን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይሄ ሁሉ በሴኮንዶች ውስጥ ነው፣ እናንተ ፔዳሉ ላይ ምንም አይሰማችሁም።

ጣታችሁን አደብ አድርጋችሁ ቫልቩ ላይ ብታሳርፉ ግን ይሰማችኋል። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ፐርጅ ቫልቩን ያዙት። ትክ፣ ትክ፣ ትክ ይላል፣ እንደ ልብ ምት። ጋሼ እጄን ይዘው ነው ያስነኩኝ። እውነቱን ለመናገር ስምንት ዓመት የነዳሁት መኪና ያን ቀን አዲስ ሆነብኝ።

ታንከሩ የሚያስቸግረው ቀን ሲሞቅ ብቻ አይደለም። ነድታችሁ ስታቆሙ የሞተሩ ሙቀት አየር ስለማይነፍስበት ወደ ነዳጅ መስመሩ ይዛመታል፤ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ብዙ ትነት የሚወጣበት ነው። ስትነዱም ታንከሩ ይሞቃል። ከላስቲክ ቱቦዎቹ ግድግዳም በጣም በዝግታ እየሰረገ የሚወጣ አለ። ዋናው ግን ነዳጅ ስትሞሉ ነው። 40 ሊትር ፈሳሽ ሲገባ 40 ሊትር ያህል በትነት የተሞላ አየር የግድ ቦታ መልቀቅ አለበት። ድሮ በመሙያው አፍ ተመልሶ ወደ ቀጂው ፊት ይወጣ ነበር። ማደያ ውስጥ ሲሞላ የሚታየው የሚንቀጠቀጥ አየር እሱ ነው። በአሜሪካ ከ1998 ሞዴል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይሄም ትነት ወደ ካኒስተሩ እንዲሄድ ተደረገ። ካኒስተሩ ተለቀ፣ የመሙያው አንገት ደግሞ ጠበበ፤ የሚወርደው ነዳጅ ራሱ አንገቱን ሞልቶ እንደ ውታፍ ትነቱን ያግደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። የማደያው አፍንጫ ቀጭ ብሎ ሲያቆም፣ አቁሙ። «ትንሽ ጨምርበት»፣ «ሂሳቡን ሙሉ አድርገው» እየተባለ ሁለቴ ሦስቴ ሲጨመር የተትረፈረፈው ፈሳሽ ቤንዚን በትነቱ ቱቦ ወደ ካኒስተሩ ይወርዳል። ከሰሉ የተሠራው ለትነት እንጂ ለፈሳሽ አይደለም። አንዴ በፈሳሽ ከራሰ መድረቁ ችግር ነው። ቆይቶ ደግሞ እየፈረፈረ ዱቄቱ ፐርጅ ቫልቩ ውስጥ ገብቶ በሩን ከፍቶ ይቀረቅረዋል። ለጥቂት ሳንቲም ሲባል ሁለት ዕቃ ይበላሻል። ብዙ መኪና ላይ ካኒስተር የሚገደለው በዚህ ነው።

ፐርጅ ቫልቭ ተከፍቶ ሲቀር ምልክቱ ግልጽ ነው። ነዳጅ ሞልታችሁ ወዲያው ስታስነሱ ሞተሩ እምቢ ይላል፣ ደጋግማችሁ ስትሞክሩ እየታነቀ ይነሳል። ካልሞላችሁበት ቀን ግን ደህና ነው። በሚኒሞ ሲቆምም ይንተፋተፋል። ብዙ ሰው የነዳጅ ፖምፓ ወይም ካንዴላ ያስቀይራል። ፍተሻው ግን ቀላል ነው፦ ቀዝቃዛ ሞተር አስነሱ፣ ከፐርጅ ቫልቩ ወደ ካኒስተር የሚሄደውን ቱቦ ንቀሉና ቫልቩ ላይ ጣት አድርጉ። መሳብ የለበትም። ከሳበ በሩ አልዘጋም። ቱቦውን በአፋችሁ አትንፉት፣ አትምጠጡትም። የቤንዚን ትነት ውስጥ ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠ ኬሚካል አለ፤ በእንግሊዝኛ benzene ይባላል፣ ቤንዞል የሚሉትም አሉ፣ ከነዳጁ ከቤንዚን ጋር የሚመሳሰለው በስም ነው። ጋራዥ የሚውሉ ወንድሞቻችን ለዓመታት የሚተነፍሱት እሱን ነው።

ሦስተኛው ቀዳዳ፣ የንጹህ አየሩ፣ ሲደፈን ሌላ ጣጣ ይመጣል። ታንከሩ መተንፈስ ያቅተዋል። ክዳን ስትከፍቱ በኃይል አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ስትሞሉም የማደያው አፍንጫ በየሊትሩ ቀጭ እያለ ይቆማል፣ የሚገባው ነዳጅ የሚያስወጣው አየር መሄጃ ስላጣ ነው። አቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና ላይ ይሄ አዘውትሮ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2011 ማዝዳ አሜሪካ ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ማዝዳ 6 መኪኖችን የጠራው ለዚሁ ነበር። ጥፋተኛዋ ሸረሪት ናት። የቤንዚን ሽታ የሚስባት አንዲት ቢጫ የሸረሪት ዓይነት መተንፈሻው ቱቦ ውስጥ ድሯን ታደራ ነበር። ቱቦው ሲደፈን ፐርጅ ቫልቩ በሳበ ቁጥር ታንከሩ ውስጥ አየር ያጥራል፣ ታንከሩም ወደ ውስጥ እየተጨመተረ ሊሰነጠቅ ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል የሰማሁት ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ የነዳጅ ታንከር እንደሚሰነጥቅ ያወቅሁት ግን ያኔ ነው። በ2014 ደግሞ ወደ 42 ሺህ መኪኖች በዚያው ሸረሪት ተጠሩ።

አሁን ወደ ብርቱካናማዋ መብራት። ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ መኪና ይሄን ሥርዓት ራሱ እንዲመረምር ይጠበቅበታል። መጀመሪያ 1 ሚሊ ሜትር የሚያህል ቀዳዳ ካገኘ መብራት ያበራ ነበር። ከ2000 ሞዴል ገደማ ጀምሮ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ እንኳ እንዲያገኝ ተፈለገ። ግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጭን መርፌ ውፍረት ነው። እንዴት ያገኘዋል? ልክ ጎሚስታ ቤት ከመነዳሪ ውስጥ ቀዳዳ እንደሚፈለገው፣ ግን በውኃ ፋንታ በግፊት ነው። አንዳንዱ መኪና እየነዳችሁ ሳለ ቬንቱን ዘግቶ፣ በፐርጁ ትንሽ አየር ስቦ፣ ሁለቱንም ይዘጋና ግፊቱን ያያል። ግፊቱ ባለበት ከቆየ ደህና ነው። ቶሎ ከተመለሰ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ።

ቶዮታ ግን በብዙ ሞዴሎቹ ላይ የሚያደርገው ነገር ይለያል። መኪናውን አጥፍታችሁ ቁልፉን ይዛችሁ ከገባችሁ ከ5 ሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ለራሱ ይነቃል። ሞተሩ ገና ካልበረደለት በ7ኛው፣ ካልሆነም ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ይሞክራል። ካኒስተሩ ላይ ያለች ትንሽ ፖምፓ መጀመሪያ ልክ ግማሽ ሚሊ ሜትር በሆነች የመለኪያ ቀዳዳ በኩል አየር ትስብና ግፊቱ ይመዘገባል። ቀጥላ ከታንከሩ ትስባለች። ከታንከሩ ሲሳብ ግፊቱ በመለኪያዋ ቀዳዳ የወረደውን ያህል ካልወረደ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ሁሉም ሰው ተኝቶ ሳለ መኪናው ብቻውን ራሱን ይመረምራል።

ኮዶቹን ለማወቅ ብዙ አያስፈልግም። ፒ 0455 ከሆነ ትልቅ ቀዳዳ ነው፦ ክዳን ረስታችኋል፣ ወይም ቱቦ ወልቋል። ፒ 0442 ትንሽ ቀዳዳ፣ ፒ 0456 በጣም ትንሽ። ፒ 0457 በቀጥታ ክዳኑን እዩ ይላችኋል። ፒ 0441 ፐርጁ እንደታዘዘው አይፈስም፤ ፒ 0446 ደግሞ የቬንቱ ችግር ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም «ካኒስተር ቀይር» አይልም። ቅደም ተከተሉ ክዳን፣ ቱቦ፣ ቫልቭ፣ በመጨረሻ ካኒስተር ነው። ቀዳዳው በዓይን ካልታየ ጥሩ ጋራዥ ጭስ በቱቦው ያስገባና ከየት እንደሚወጣ ያያል። ያን ሳያደርግ ዋጋ የሚነግራችሁን ሰው ጥያቄ ጠይቁት።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ይበዛል የሚል ሊኖር ይችላል። ፈተናው ምን ያህል እንደጠበቀ ልንገራችሁ። አዲስ ሞዴል ሲወጣ መኪናው ከነነዳጁ አየር የማያስወጣ ክፍል ውስጥ ይቆለፍበታል። ሙቀቱ እንደ ቀንና ሌሊት ከፍ ዝቅ ይደረጋል፣ ከመኪናው የወጣው ሃይድሮካርቦን ሁሉ ይለካል። በ1978 የተፈቀደው 6 ግራም ነበር። በ1981 ወደ 2 ወረደ። ዛሬ በአሜሪካ ለትንንሽ መኪኖች 0.3 ግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ይመዝናል። እዚህ መጠን ላይ ሲደረስ የአዲሱ ጎማና የቀለሙ ሽታ ራሱ ሂሳብ ውስጥ ይገባል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውኃ እዚያ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው። ቤንዚንም ጫና ሲቀንስለት በቀላሉ ይተናል። አዋሽ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሙሉ አድርጋችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ ታንከሩ ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ፣ ቤንዚኑም እየተነነ ይሄዳል። ያን ሁሉ ተቀብላ የምታደርሰው ያቺ ሳጥን ናት።

«ትርፍ ዕቃ ነው፣ ደፍነነዋል» የሚባለው ነገር ለዚህ ነው የሚያሳዝነኝ። ካኒስተሩ ተነቅሎ ቱቦው ክፍት ከተተወ ትነቱ ግቢያችሁ ውስጥ ይወጣል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ላይ አይበንም፣ መሬት ለመሬት ይሳባል። መኪናው ከሚቆምበት ሦስት እርምጃ ላይ ምድጃ ተቀጣጥሎ፣ ልጆች እዚያው ሲጫወቱ አስቡት። ቱቦው ከተደፈነ ደግሞ ታንከሩ ይታፈናል፣ ፖምፓው ይቸገራል። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች እዚያው ነው የሚያረጁት። ላስቲካቸው ይደርቃል፣ ክዳናቸው ይላላል። ጥቂት ብር የሚያወጣ ጎሚኒና ግማሽ ሜትር የነዳጅ ቱቦ የሚቀይር መካኒክ ለሰፈሩ ሁሉ ውለታ ይውላል። ቱቦው ግን የግድ የነዳጅ ቱቦ ይሁን፤ የውኃው ላስቲክ በቤንዚን ሟሙቶ ይለጠልጣል።

ክዳኑን ከቀየርኩ በኋላ ኮዱን በስካነር እንዳላጠፋው ጋሼ አስጠነቀቁኝ። ኮድ ሲጠፋ የመኪናው የምርመራ መዝገብም አብሮ ባዶ ይሆናል፣ መርማሪዎቹም «ገና ዝግጁ አይደለም» ብለው ሊመልሱት ይችላሉ። መኪናው ፈተናውን ደጋግሞ ሲያልፍ መብራቷ ራሷ ትጠፋለች አሉኝ። ታንከሩን ግማሽ አድርጌ ነዳሁ። በብዙ መኪና ላይ ነዳጁ በጣም ሞልቶ ወይም በጣም ጎድሎ ከሆነ ፈተናው አይጀመርም።

በሁለተኛው ቀን ማታ 12 ሰዓት ላይ አቁሜ ገባሁ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሲል ቆሻሻ ልጥል ወጣሁ። ሰፈሩ ጭር ብሏል። በመኪናዬ በኋላ በኩል ሳልፍ ከሥሩ በጣም ቀጭን፣ ንብ ጠርሙስ ውስጥ ስትገባ የምታሰማው ዓይነት ድምጽ ሰማሁ። ቆምኩ። ጥቂት ደቂቃ አንጎራጉሮ ቀጭ አለና ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ቀናት ውስጥ መብራቷ ጠፋች፣ ምርመራውንም አለፍኩ።